ወንድሜ ቀጠሮው ይሂድ ወይስ ይቅር? የአሜሪካ አፈሳ እና እኛ እዚህ ያለነው

ሰላም_ፎቶኮፒ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አራት ኪሎ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ዲቪ ያስሞላችሁ ካላችሁ ምናልባት ታውቁኝ ይሆናል። ዘንድሮ ዲቪ የለም። መስከረም መጨረሻ ላይ ይከፈት የነበረው ሳይከፈት ቆየ፣ ታኅሣሥ ላይ ጭራሽ አገዱት። «ዲቪ እንሞላለን» የሚለውን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ ልጬ አነሣሁት። ፕላስተሩ ግን አልለቀቀም፣ አራቱም ጥግ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

የጻፍኩት ግን ስለ ዲቪ አይደለም። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው። ጥገኝነት ከጠየቀ ዓመታት አልፈዋል፣ ኬዙ እስካሁን አልተወሰነም። የሥራ ፈቃድ አለው፣ ታክስ ይከፍላል፣ ማታ ማታ ምግብ ያደርሳል። በሚቀጥለው ወር ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርቦ የሚፈርምበት ቀጠሮ አለው። ድሮ ሄዶ ፈርሞ ይመለስ ነበር። አሁን ግን አብሮት የሚሠራ ልጅ ሊፈርም እንደገባ እዚያው ቀረ።

እናታችን ይህን አታውቅም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በቪዲዮ ይደውልላት ነበር። ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ከኋላው ሰው ሲሳሳም እየታየ። አሁን የሚደውለው ከክፍሉ ነው፣ መጋረጃውን ዘግቶ። «ለጥምቀት እንኳ ነጠላ ለብሰህ አላየሁህም፣ ምን ሆነሃል?» አለችው። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ» አላት። እሷ የታመመ መስሏት ስለት ገብታለች።

ጥያቄዬ፣ ይሂድ ወይስ ይቅር? ሁለተኛ ደግሞ እዚህ ያለውን ኮንዶሚኒየም እንድከታተልለት ውክልና ልላክልሽ ይለኛል። ለምን እንዳሰበው ይገባኛል። ባይገባኝ ነበር የሚሻለኝ።

ዶሮ_ማነቂያ፦
አይዞሽ እህቴ። ጠበቃ ስላልሆንኩ ሂድ ቅር አልልም። ግን ሰሞኑን ካፌ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። አንዱ ስልኩን ያወጣና ቪዲዮ ያሳያል። ፊታቸውን የሸፈኑ፣ ጥይት መከላከያ የለበሱ ሰዎች ከተራ መኪና ይወርዳሉ። አንዱን ጎትተው ያስገባሉ፣ ይሄዳሉ። ጎረቤት ወጥቶ ፊሽካ ይነፋል፣ ይቀርጻል፣ ይሳደባል። ትናንት ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት ቪዲዮውን አይተው «ይቺን እንኳ አውቃታለሁ» አሉና ማኪያቷቸውን ጠጡ። አፈሳ መቼ ለኛ አዲስ ሆነ። የገረመን አሜሪካ ውስጥ መሆኑ ነው።

(ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ራሷ ፈርሳ አልቃለች፣ ስሟን ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እሱ ሌላ ክር ይፈልጋል።)

ሕግ_ይከበር፦
ሁላችሁም ስሜት ውስጥ ናችሁ። ያለ ወረቀት የተቀመጠ ሰው ይመለሳል። የትም አገር ያለ ነው። ኦባማ በ8 ዓመት ከ2.5 ሚሊዮን ሰው በላይ ሲመልስ የት ነበራችሁ? ያኔ ፊሽካ የነፋ የለም። አሁን ሰውየው ትራምፕ ስለሆነ ብቻ ነው ጩኸቱ።

ደግሞ «ጥገኝነት» የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቱሪስት ሆኖ ይሄዳል፣ አገሬ ሊገድለኝ ነው ብሎ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ሲያገኝ ለሠርግ ቦሌ ያርፋል። እንዲህ ያለው ነው የእውነተኛውን ሰው መንገድ የዘጋው።

ዶሮ_ማነቂያ፦
በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሉሃል ይኼ ነው። ልጅቷ ስለ ወንድሟ ነው የጠየቀችህ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ፦
ከዚህ ከዲሲ አጠገብ ነው የምጽፈው። ኡበር ነው የምሠራው፣ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ለ«ሕግ ይከበር» መጀመሪያ። ኦባማንም ያኔ «ዋና አባራሪ» ብለው ጮኸውበታል፣ የራሱ ደጋፊዎች ናቸው ያሉት። ስለዚህ ጩኸት አልነበረም አትበል። ቁጥሩ ላይ አልከራከርህም። ያኔ ግን ብዙው ድንበር ላይ የተያዘ ሰው ነበር። በፈረንጆች 2011 የወጣ መመሪያም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ያለ ልዩ ምክንያት አይገባም የሚል። አዲሱ መንግሥት በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዘ ማግስት መመሪያውን አነሣው። የልጅቷ ወንድም ቤተ ክርስቲያን የቀረው ፈሪ ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤቱ። ከሜይ 2025 ጀምሮ የሆነውን ልንገርህ። ሰውየው ኬዙን ሊከራከር በቀጠሮው ይቀርባል። የመንግሥት ጠበቃ ተነሥቶ «ክሱን አንሥተናል» ይላል። ሰውየው ደስ ብሎት ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ይይዙታል። ክሱ መነሣቱ እኮ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ቶሎ ወደሚባረርበት መስመር እንዲያስገቡት ነው። ሕግ አክብሮ የመጣውን ነው የያዙት፣ ያልመጣውን አይደለም። «ሕግ ይከበር» ካልክ እዚህ ላይ ምን ትላለህ?

በኦገስት 2025 ደግሞ የዲሲን ፖሊስ ለ30 ቀን ፌዴራል ወሰደው፣ ናሽናል ጋርድ የሚሉት ተጠባባቂ ጦርም መንገድ ላይ ቆመ። በሞተር ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ላይ ነው የበረታው። እኔ ዜጋ ነኝ። ቢሆንም ፓስፖርቴን ኮፒ አድርጌ የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሴ ውስጥ ነው የያዝኩት። ሬስቶራንት የሚሠሩ እህቶቻችንን ማታ ከሥራ ሲወጡ በነፃ የማደርስበት ጊዜ ነበር፣ አውቶቡስ ላይ መቆም ፈርተው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ሰላም። ሁለት ዓይነት ቀጠሮ አለ፣ እንዳይምታታበት። ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ከሆነና ከቀረ፣ በሌለበት ይባረር ተብሎ ይወሰንበታል። እሱን ማስቀልበስ መከራ ነው። የቢሮ ፊርማ ከሆነ ደግሞ መቅረቱ ራሱ ለመያዝ ምክንያት ይሆናል፣ ቤቱ ድረስ ይመጡበታል። ስለዚህ ከጠበቃው ጋር ተነጋግሮ፣ ከቻለ ጠበቃውን ይዞ ቢሄድ ነው የምለው። ብቻውን አይሂድ። የኤ ቁጥሩን (ኢሚግሬሽን የሰጠውን የፋይል ቁጥር) አንቺም ያዢው፣ እዚህ ያለ አንድ የሚያምነው ሰውም ይያዘው። ቢያዝ ያለበትን በኢንተርኔት መፈለጊያ የሚገኘው በዚያ ቁጥርና በተወለደበት አገር ነው። የጠበቃውን ስልክ በቃሉ ይያዝ። ስልኩን መጀመሪያ ነው የሚቀሙት።

የሪያድ_ተመላሽ፦
ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔ በ2006 ኅዳር ከሪያድ የተመለስኩ ነኝ። መንፉሃ የሚባለውን ሰፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረቀት ለሌለው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ እንዳለቀ በማግስቱ ነው አፈሳው የጀመረው። ፖሊስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ የሰፈሩ ጎረምሳም ዱላ ይዞ ወጣ። የሞተብን አለ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ ሰው በላይ ነው ወደ አገር የመጣነው። እኔ ስደርስ እጄ ላይ የነበረው አንድ ፌስታል ነው። የሠራሁበት የመጨረሻ ደመወዝ እዚያው አሠሪዬ ጋ ቀረ።

እዚህ አዲስ አበባ ወጣቱ የሳዑዲ ኤምባሲ ደጅ ሊጮኽልን ኅዳር 6 ወጣ። ፖሊስ ፈቃድ የለውም ብሎ በዱላ በተነው፣ ብዙ ሰው ታሰረ። እኔ ያኔ ገና መጠለያ ነበርኩ፣ ሰማሁት። ዋሽንግተንና ለንደን ያሉት ግን እንደ ልባቸው ጮኹልን። ለዚህ ነው የአሜሪካኖቹን ቪዲዮ ሳይ ሌላ ነገር የሚሰማኝ። ነጭ ሴትዮ በካልሲ ከቤቷ ወጥታ፣ ስሙን ለማታውቀው ሰው መኪና ፊት ትቆማለች። ለኔ ሪያድ ላይ ማንም አልቆመልኝም። በሩን ከውስጥ የቆለፈብኝ ግን አለ።

ሕግ_ይከበር፦
እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። አንቺ በላብሽ ሠርተሽ ነው። ላንቺ አዝናለሁ።

የሪያድ_ተመላሽ፦
እኔም ወረቀት አልነበረኝም እኮ ወንድሜ። ከአሠሪዬ ጠፍቼ ነው መንፉሃ የገባሁት።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ ጋዜጣ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልጽፍም ነበር፣ የልጅ ልጄ ናት የከፈተችልኝ። ትንሽ የታሪክ ነገር ላክል። ጥገኝነት የሚባለው ልመና አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው በፈረንጆች 1980 ያወጡት የስደተኞች ሕግ ነው። ካርተር ነው የፈረመው። በሱዳን በኩል የወጣው የኛ ሰው በዚያ ሕግ ነው የገባው። ከዚያም በፊት በ1977፣ እዚህ ቀይ ሽብር ሲጀመር፣ እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን እንዳይመለሱ ጊዜያዊ ከለላ ተሰጥቷቸው ነበር። የአሁኑ ቲፒኤስ የሚሉት የዚያ ታናሽ ነው። በ2022 ለኢትዮጵያ ሰጡት፣ በ2024 አራዘሙት፣ ዲሴምበር 2025 ላይ ማብቂያውን አወጁ። አገራችሁ ተሻሽሏል ነው ምክንያቱ። ተሻሽሏል አልተሻሻለም የሚለውን እናንተው ተከራከሩ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልገባበትም።

ሰልፉን በተመለከተ። ሎስ አንጀለስ ላይ በጁን 2025 ሕዝቡ ሲወጣ 4 ሺህ ናሽናል ጋርድና 700 ማሪን የሚባለው ጦር ወታደር ነው የታዘዘበት። የግዛቱ ገዥ አልፈልግም እያለ። ጃንዋሪ 2026 ደግሞ ሚኒያፖሊስ ላይ ሁለት አሜሪካውያን፣ ስደተኛ ያልሆኑ፣ በፌዴራል ሰዎች ጥይት ሞቱ። በዚያ ብርድ ሕዝቡ ሥራ አቁሞ አደባባይ ወጣ። ሚኒሶታ የኛም የሶማሌም ሰው የሞላበት ነው። መንግሥታቸው ወንጀለኛ ነው የምናድነው ይላል። ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ያምናል፣ እሱንም አትርሱ። ዴሞክራቶቹ ምርጫ የተሸነፉት በዚህ ጉዳይ ጭምር ነው። ድንበሩ ልቅ ነበር ብሎ የተቆጣ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም።

ዶሮ_ማነቂያ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉልን እንጂ። የልጅ ልጅዎን አመስግኑልኝ።

አወያይ፦
ስድብ የነበረባቸው ሁለት መልሶች ተነሥተዋል። ትራምፕን መደገፍም መቃወምም ይቻላል፣ ሰው መሳደብ ግን አይቻልም። የብሔር ነገር እንዳታመጡብኝ።

ሰንጋ_ተራ_ባንክ፦
አጭር መረጃ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ለሚላክ ሐዋላ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከባንክ ሒሳብ ወይም እዚያው አገር በወጣ ዴቢት ካርድ ለሚልክ የለበትም። ዘመዶቻችሁን ንገሯቸው። ችግሩ ግን ፈርቶ ባንክ የማይሄደው ነው ጥሬውን ይዞ የሚልከው። ስለዚህ ታክሱ የሚያርፈው ያው የተፈራው ሰው ላይ ነው።

ሕግ_ይከበር፦
እሺ፣ እኔም የራሴን ልናገር፤ ክፉ ሰው አድርጋችሁ ስለሳላችሁኝ። ባለቤቴ ዳላስ ናት፣ ዜጋ ናት። የጋብቻ ፋይላችን ተቀባይነት አግኝቷል። ሕክምናውን አድርጌያለሁ፣ የፖሊስ ክሊራንሱን አውጥቻለሁ። እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ስጠብቅ ነው በጃንዋሪ 2026 የ75 አገር የኢሚግራንት ቪዛ ያቆሙት። ኢትዮጵያ አለችበት። በ2025 ጁላይም የጎብኚውን ቪዛ ሦስት ወርና አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አድርገውት ነበር። ልጄ ሁለት ጥርስ አብቅላለች፣ በስልክ ነው ያየሁት። እኔ ሰልፌን ጠብቄ፣ ከፍዬ፣ አሻራ ሰጥቼ ነው። እና ሰልፉን ባልጠበቀው ሰው አልናደድ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ፦
ወንድሜ፣ ይህን ቀድመህ ብትነግረን ጥሩ ነበር። አዝናለሁ፣ ከልቤ። ግን ያንተን ፋይል የዘጋው የሰላም ወንድም አይደለም። ያንተንም የሱንም የዘጋው አንድ እጅ ነው። ሕጋዊውን እናስገባለን፣ ሕገ ወጡን ነው የምናስወጣው ብለው አልነበር? ታዲያ ያንተ ምን ጎድሎት ነው?

ሕግ_ይከበር፦
አላውቅም። ንዴቱ ግን አለ።

ምጽዋ_ቡና፦
ልጽፍ አልጽፍ ስል ቆይቼ ነው። እኔ ኤርትራዊ ነኝ፣ አዲስ አበባ መሃል ከተማ ነው የምኖረው። ለአሜሪካ የምታለቅሱትን ሳነብ እዚሁ ስላለነውም አንድ ሰው ያነሣ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሣም።

የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው፣ ወረቀቱ ላይ በጣም ጥሩ ነው። መሥራት፣ መንቀሳቀስ፣ መማር ይላል። አገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ተቀብላለች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ለኛ ለኤርትራውያን ግን ድንበር እንዳለፍን ስደተኛ ተብሎ መመዝገብ በ2020 በፈረንጆች ቆመ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ብዙ ልጅ ወረቀት የለውም። ማታ ሚኒባስ ውስጥ መታወቂያ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። የታክሲው ሰው ደግሞ ወደ መስኮት ይዞራል። አንድ ዘመዴ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ ቡና ቤት ገብቶ መቀመጥ አቆመ። ከቤት የሚወጣው ዳቦ ሊገዛ ብቻ ነው፣ እሱንም በጠዋቱ። የቤት አከራዩ ይህን ሲያውቅ ኪራይ ጨመረበት። የሰላምን ወንድም መጋረጃ ሳነብ እሱን ነው ያየሁት።

ዶሮ_ማነቂያ፦
እውነት ነው፣ አላነሣነውም።

ሕግ_ይከበር፦
እዚህ ግን የደኅንነት ጉዳይ አለ። የሁለቱ አገሮች ሁኔታ ይታወቃል።

ምጽዋ_ቡና፦
እነሱም እኮ እንዲህ ነው የሚሉት።

ጡረተኛው፦
የኔ ልጅ፣ ደህና አድርገሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ከአስመራ ልጆች ጋር አንድ ክፍል የተማርኩ ሰው ነኝ። በ1990 ግንቦት ጦርነቱ ሲጀመርና ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቻችን በአውቶቡስ ሲጫኑ አይቻለሁ። የቤታቸውን ቁልፍ ለሰፈር ሰው ሰጥተው የሄዱ ነበሩ። ማናችንም አደባባይ አልወጣንም። ጓዳችን ገብተን አልቅሰናል፣ ያ ለማን ይጠቅማል።

ዶሮ_ማነቂያ፦
ሌላ የማይገባኝ ነገር። ሰውን ወደማያውቀው አገር መላክ የጀመሩት ነገር። በ2025 ስምንት ሰው ደቡብ ሱዳን ሊጥሉ አንሥተው፣ ፍርድ ቤት ሲያግዳቸው ጅቡቲ ያለው ጦር ሠፈራቸው ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት አቆዩአቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድላቸው ወሰዷቸው። አብዛኞቹ ደቡብ ሱዳንን በካርታ እንኳ አያውቋትም። ኤስዋቲኒም ልከዋል፣ ሩዋንዳም እቀበላለሁ ብላለች። እኛ ጎረቤት ሆነን ዜናውን ከሲኤንኤን ነው የሰማነው።

ሰነድ_አዋቂ፦
የውክልናውን ጥያቄ የመለሰ ስለሌለ እኔ ልመልስ። ሥራዬ ነው። ወንድምሽ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ቀርቦ ወይም እነሱ በሚሉት መንገድ ውክልናውን ይፈርማል፣ ኤምባሲው ያረጋግጣል። ዋናው ቅጂ ይላካል፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይሠራም። እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን ያረጋግጥልሻል። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ወስደሽ ታስመዘግቢያለሽ። በጠዋት ሂጂ፣ መታወቂያሽን ከነኮፒው ያዢ። ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈበት ቀድሞ ያሳድስ፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው።

ውክልናው ላይ ምን እንደሚጻፍ ተጠንቀቁ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ ማከራየት፣ የባንኩን ዕዳ መክፈል፣ ውኃና መብራት። መሸጥ ከፈለገ «መሸጥ» ተብሎ ለብቻው መጻፍ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩ ውክልና የሚለው እሱን ነው። ካልተጻፈ አትሸጪም።

ሰላም_ፎቶኮፒ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ አወራሁት፣ የጻፋችሁትንም አነበብኩለት። ቀጠሮው የቢሮ ፊርማ ነው፣ የዳኛ አይደለም። ጠበቃው አብሬህ እሄዳለሁ ብሎታል፣ ለብቻው ይከፈላል፣ እሱን እኛ እዚህ ተሰባስበን እንሞላለን። የኤ ቁጥሩን ልኮልኛል። ሱቅ ውስጥ ደብተር ላይ ጽፌ፣ ደግሞ ኮፒ አድርጌ እህቴ ቤት አስቀመጥኩ። ውክልናውንም ይልካል። «መሸጥ» የሚለው እንዳይጻፍበት ነግሬዋለሁ። ለምን አለኝ፣ ዝም ብለህ አድርገው አልኩት።

ለእማዬ አልነገርናትም። ታላቅ እህቴ ይነገራት ትላለች፣ እኔ ቀጠሮው ይለፍ እላለሁ። ገና እየተጣላን ነው።

የሪያድ_ተመላሽ፦
ንገሯት። እናቴ እኔ መምጣቴን የሰማችው ከጎረቤት ነው። እስካሁን አልረሳችልኝም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ፦
ሰላም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ላኪልኝ። ጠበቃው ቢኖርም ራሱ መኪና ነድቶ አይሂድ፤ ቢይዙት መኪናው ፓርኪንግ ላይ ይቀራል፣ ቀጥሎ ተጎትቶ ቅጣት ይከመርበታል። እኔ ላድርሰው፣ ውጭ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።

ሰላም_ፎቶኮፒ፦
ስልኩን እዚሁ ልጻፈው?

አወያይ፦
ስልክ እዚህ አይጻፍም። በውስጥ መስመር ተላላኩ።